የሦስት ጆንያ ጉዞ

ስሙኝማ! ዛሬ የምተርክላችሁ የንጉሥም የጀግናም ገድል አይደለም፤ የጆንያ ነገር ነው። ጆንያዎቹ ሦስት ናቸው። በአንዱ ቡና አለ፣ በአንዱ ሩዝ፣ በአንዱ ስንዴ። ሦስቱም ጉዳያቸው ከጋምቤላ ምድር ጋር ነው፤ ሦስቱም ድንበር ተሻግረው ሰው ሀገር ሊገቡ ወይም ከሰው ሀገር ሊመጡ ተነሥተዋል። የደረሰባቸውን ስትሰሙ፣ ነጋዴዎች «ሎጂስቲክስ» የሚሉት ነገር ከመርከብና ከመኪና አልፎ የት ድረስ እንደሚሄድ ይገባችኋል።

እንግዲህ ለመነሻ አልዌሮ ግድብ አፋፍ ላይ ቁሙልኝ። አቦቦ ወረዳ ነው፤ ከጋምቤላ ከተማ ወደ ደቡብ 45 ኪሎ ሜትር ግድም። ከፊታችሁ የተንጣለለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሲሞላ 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ይይዛል። ከግድቡ በታች ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ሰው የሚውጥ ሣር አለበት። በስተምሥራቅ የኢሉባቦር ደጋ፣ በስተምዕራብ ደቡብ ሱዳን። የባሮ አኮቦ ተፋሰስ ውሃ ከዚያ ደጋ ወርዶ፣ ሶባት ተብሎ፣ ነጭ ዓባይን ተቀላቅሎ ካርቱም ይገባል። በመንገዱ ሁሉ «ወረቀትህን አሳይ» የሚለው የለም።

ጆንያ ግን ይህ አልተፈቀደለትም። በየኬላው ይቆማል፣ በየመረከቢያው ይቆጠራል፣ በየወደቡ ይፈተሻል። የእኔም ነገር እዚህ ላይ ነው፦ የሩቅ ሀገር ጭነት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከለው ከአንዱ እጅ ወጥቶ ወደ ሌላው እጅ ሲገባ ነው። በሩን የሚዘጋው አንዱ፣ ኪሳራውን የሚሸከመው ሌላው። ካላመናችሁኝ ጆንያዎቹን እንከተላቸው።

አንደኛው ጆንያ፦ የቡናው

ዘመኑ የአፄ ምኒልክ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ሜይ 15 ቀን 1902፣ አዲስ አበባ ላይ ከእንግሊዝ ጋር ውል ተፈረመ። ውሉ የኢትዮጵያንና የሱዳንን ድንበር ለመለየት ነበር፤ አራተኛው አንቀጽ ላይ ግን የንግድ ነገር ገባበት። በባሮ ወንዝ ዳር፣ በኢታንግ አቅራቢያ፣ የወንዝ ፊቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለሱዳን መንግሥት ይከራይ፤ የንግድ ጣቢያ ይሁን፤ ለፖለቲካም ለጦርም አይዋል ይላል። ጣቢያው ኢታንግ ቀርቶ ጋምቤላ ላይ ተተከለ። እ.ኤ.አ. በ1907 ወደቡና የጉምሩክ ጣቢያው ሥራ ጀመሩ። ባሕር በሌለበት በመሀል አፍሪካ መርከብ የሚደርስበት ወደብ ቆመ ማለት ነው።

ለምን እዚያ አትሉኝም? ባሮ በክረምት መርከብ ይሸከማላ! ሶባትም ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኘው ማላካል አጠገብ፣ ሱድ ከሚባለው ሰፊ ረግረግ በታች ነው። ስለዚህ ከጋምቤላ የተነሣ መርከብ ረግረጉ ውስጥ ሳይገባ ቀጥ ብሎ ካርቱም ይወርዳል። የሱዳን ባቡር ድርጅት መርከቦች ይህን 1,366 ኪሎ ሜትር በወራጁ 7 ቀን፣ በሽቅቡ 11 ቀን ይፈጁበት ነበር፤ በዝናቡ ወራት በወር ሁለት ጊዜ ይመላለሳሉ። ከካርቱም በባቡር ወደ ፖርት ሱዳን ነው። ያ ወደብ እ.ኤ.አ. በ1909 ተመርቆ ስለነበር ከዚያ ወዲያ ዓለም ክፍት ነው።

አሁን ቡናውን ደጋው ላይ፣ ጎሬ ከተማ ተቀበሉት። ተለቅሟል፣ ደርቋል፣ ተፈልፍሏል፤ ጆንያው አፉ ተሰፍቷል። ሲራራ ነጋዴው አጋሰሱን ያሰልፍና ጭነቱን ግራና ቀኝ አመዛዝኖ ይጭናል። ሚዛኑ ከተዛባ የበቅሎዋ ጀርባ ይላጣል፤ ጀርባዋ የተላጠ በቅሎ ደግሞ ቁልቁለቱን አትጨርስም። ጎሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ናት፤ ጋምቤላ 526 ሜትር። ቡሬን አልፈው ወደ ቆላው ሲዘልቁ ነፋሱ ይሞቃል፣ ወባው ይጠብቃል፣ ከብት የሚፈጀው የገንዲ ዝንብም አለ። ነጋዴው የሚመኘው ጭነቱን አራግፎ፣ ጨውና አቡጀዲድ ጭኖ፣ እንስሶቹ ሳይታመሙ ደጋ መመለስ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልውሰዳችሁ። ቡና የሚለቀመው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። የበቅሎ መንገድ የሚደርቀውም በበጋ ነው። ያኔ ግን ባሮ ጎድሏል፤ መርከብ የለም። ሰኔ ገብቶ ወንዙ ሲሞላ መርከቡ እያፏጨ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የደጋው መንገድ ጭቃ፣ ጅረቱ ሙላት ነው። መንገዱ ሲከፈት ወንዙ ይዘጋል፤ ወንዙ ሲከፈት መንገዱ ይዘጋል። በመሀል ያለው ቡና ጋምቤላ መጋዘን ውስጥ ተኝቶ ውሃ ይጠብቃል። የነጋዴው ገንዘብም አብሮት ይተኛል። በታኅሣሥ የገዛውን በሐምሌ ይጭናል፤ ዋጋው እስከዚያ ይውጣ ይውረድ የሚያውቀው እግዜር ነው። ዝናቡ ቶሎ ካቆመና ካፒቴኑ ከዘገየ ደግሞ መርከቡ ራሱ አሸዋ ላይ ይቀራል፤ የሚያነሣው የመጪው ዓመት ሙላት ነው።

እንዲህም ሆኖ ንግዱ ደርቶ ነበር። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ እ.ኤ.አ. ከ1904 እስከ 1935 ያለውን የጋምቤላ ንግድ አጥንተው ጽፈዋል። የጎሬውና የሳዮው፣ የዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ ቡና፣ ሰሙም ቆዳውም በዚያ በር ወጣ። ግሪኮችና ሶርያውያን ነጋዴዎች ወንዙ ዳር መጋዘን ሠሩ።

ከዚያስ? እጆቹ አንድ በአንድ ይላቀቁ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1917 የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ገባና የሀገሩን ንግድ ወደ ምሥራቅ ሳበ። እ.ኤ.አ. በ1929 የዓለም ገበያ ሲንኮታኮት የቡናም ዋጋ አብሮ ወደቀ። ቀጥሎ የጣልያን ወረራ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1941 የቤልጅየም ኮንጎ ጦር በዚሁ በኩል ሽቅብ ወጥቶ ሳዮ ደረሰ፤ የጣልያኑ ጄኔራል ጋዜራም በጁላይ ወር እዚያው እጁን ሰጠ። ለጦር አይዋል ተብሎ የተፈረመለት ወደብ የጦር መሸጋገሪያ ሆኖ አረፈው።

የመጨረሻው መዝጊያ ግን ከመጀመሪያውም ውሉ ውስጥ ተጽፎ ነበር። አራተኛው አንቀጽ ኪራዩ የሚቆየው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነው ይላል። ሱዳን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1956 ነፃ ወጣች፤ ጋምቤላም በዚያው ዓመት ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰች። ለሀገር ደስታ ነው፤ ክብሩም ተገቢ ነው። ለመጋዘኑ ባለቤት ግን ሃምሳ ዓመት የተሠራበት መስመር ማብቂያው ከመነሻው ተወስኖ ነበር። ከጎሬ ቡና ጭኖ ሲወርድ የኖረው ሲራራ ነጋዴ ያን አንቀጽ ማን አንብቦለት!

ሁለተኛው ጆንያ፦ የሩዙ

አሁን ወደ አልዌሮ እንመለስ። ዘመኑ የደርግ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከከምባታና ከሀዲያ የተነሡ ሠፋሪዎች በብዙ ሺህ ወደ ጋምቤላ መጡ፤ አቦቦም ከተቀበሏቸው ወረዳዎች አንዷ ናት። የአኙዋ ሕዝብ ዘር ማንዘሩ በኖረበት ወንዝ ዳር አዲስ መንደር በቀለ። በዚያው ዘመን የሶቭየት ባለሙያዎች የአልዌሮን ወንዝ ለመገደብ ገቡ። ሐሳቡ 10 ሺህ ሄክታር ገደማ በመስኖ ማልማት ነበር።

ልብ በሉ፤ የሩቅ ጭነት ዕቃ ብቻ አይደለም። እውቀትም፣ ብድርም፣ መለዋወጫም ነው። ሰጪውም ተቀባዩም እስካሉ ድረስ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በሜይ 1991 ደርግ ወደቀ፤ ዓመቱ ሳያልቅ በዲሴምበር ሶቭየት ኅብረት ራሷ ከካርታ ተፋቀች። ውሉን የፈረሙት ሁለቱም መንግሥታት በአንድ ዓመት ውስጥ የሉም! ግድቡ ቆመ፤ ውሃውም ተጠራቀመ፤ ውሃውን ማሳ የሚያደርሰው ቦይና የታሰበው ሰፊ እርሻ ግን ለዓመታት ሳይመጡ ቀሩ።

ሐይቁን የቀሰቀሰው ከሩቅ የመጣ ፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 የዓለም የእህል ዋጋ ሲንር ሕንድ ባስማቲ ያልሆነውን ሩዟን ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች፤ ቬትናምም ገደበች። ሩዙን ከውጭ ለሚያመጣ ሀገር ይህ ትልቅ ድንጋጤ ነው። ገንዘብ አለህ፣ መርከብ አለህ፣ ሻጩ ግን በሩን ዘግቷል። ሳዑዲ አረቢያ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃዋ እየተመጠጠ ስለነበር የሀገር ውስጥ ስንዴዋን ከ2008 ጀምሮ መቀነስ ይዛለች። በ2009 መጀመሪያ ንጉሥ አብደላ ባለሀብቶች ውጭ ሀገር እንዲያርሱ የሚያግዝ መርሐ ግብር አስጀመሩ። ቀጥሎ ሳዑዲ ስታር የተባለው የሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ኩባንያ አቦቦ ላይ 10 ሺህ ሄክታር ተከራየ፤ በአልዌሮ ውሃ ሩዝ ሊዘራ። የጅዳ ገበያ ስጋት አልዌሮ ዳር ትራክተር አቆመ ማለት ነው።

እንግዲህ የሩዙን ጆንያ በሐሳብ እንጫነው። ታጨደ እንበል። መጀመሪያ መድረቅ አለበት፤ እርጥበቱ ከ14 በመቶ ወርዶ ካልገባ መጋዘን ውስጥ ይሻግታል። ይፈለፈላል፣ ይሞላል፣ ይሰፋል። ከጋምቤላ አዲስ አበባ ወደ 770 ኪሎ ሜትር፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ወደ 900 ኪሎ ሜትር። ከዚያ ቀይ ባሕር፣ ከዚያ ጅዳ። ሱዳን ጎረቤት ሆና፣ ወንዙ በደጅ እየወረደ፣ ጆንያው ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ አገር ምድሩን ያቋርጣል።

የመልሱ ጉዞ ደግሞ ይብሳል። ሩዙ ደርሶ ሳለ የማጨጃው ማሽን ቀበቶ ተበጠሰ እንበል። ቀበቶው አቦቦ ገበያ አይገኝም፤ አዲስ አበባም ላይገኝ ይችላል። ዶላር ይጠየቃል፣ ባንክ ኤልሲ የሚባለውን የክፍያ ዋስትና ይከፍታል፣ ዕቃው በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይገባል፣ ጉምሩክ ይፈትሸዋል፣ መኪና ይፈለግለታል። ቀበቶው እጅ ላይ ቢያዝ ክንድ የማያህል ጎማ ነው፤ ማሳው ላይ ግን ሩዙ ፍሬውን እያራገፈ ይጠብቀዋል። ርቀት ማለት ይህ ነው። ትንሿ ዕቃ ትልቁን ሥራ ታስራለች።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ግን የመሬቱ ነገር ነበር። በዚያው ሰሞን በጋምቤላ የመንደር ማሰባሰብ መርሐ ግብር ይካሄድ ነበር። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2012 ባወጣው ዘገባ ሰዎች ያለፈቃዳቸው ተነሥተዋል ሲል ከሰሰ፤ መንግሥት በፈቃደኝነት ነው ብሎ አስተባበለ። ሚያዝያ 20 ቀን 2004 ዓ.ም. ታጣቂዎች የሳዑዲ ስታርን ካምፕ አጥቅተው ሰዎች ተገደሉ። ከሟቾቹ ውስጥ እንጀራ ፍለጋ ከፓኪስታን የመጣም ነበረበት። በጭነት ኢንሹራንስ ወረቀት ላይ እሳት አለ፣ ስርቆት አለ፣ የመርከብ መስጠም አለ። ያልተጠየቀ ባለርስት ቅሬታ ግን በየትኛው መስመር ይሞላል? ከዚያ ወዲያ ሥራው ተጓተተ፤ ለዓመታት የለማው መሬት ከተሰጠው ጥቂቱ ነበር።

ጎረቤቱም አልቀናውም። ካሩቱሪ የተባለው የሕንድ ኩባንያ ወደ ባሮ ጠጋ ብሎ 100 ሺህ ሄክታር ይዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ባሮ ሞልቶ የመጀመሪያ በቆሎውን ዋጠበት፤ በ2008 ዓ.ም. መንግሥት ውሉን ሰረዘ። ባሮ እንደሚሞላ የጋምቤላ ሕፃን ያውቃል፤ የወንዙ ሙላት ለዚያ ሰፈር እንግዳ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁና ወደ ሦስተኛው እንለፍ። እኛም ሩዝ ከውጭ የምናስገባ ሕዝብ ነን። ፎገራ ቢያመርትም ገበያውን አልሞላውም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 ሕንድ ባስማቲ ያልሆነ ነጭ ሩዟን እንደገና ከለከለች። ሳዑዲን እስከ አልዌሮ ያስመጣት ያ ፍርሃት ዞሮ ዞሮ የመርካቶን ሱቅም አንኳኳ።

ሦስተኛው ጆንያ፦ የስንዴው

ይኼኛው መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከባሕር ወደ ጋምቤላ ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 ጁባ ውስጥ ተኩስ ተከፈተ። የደቡብ ሱዳን ሰው ልጁን አዝሎ ድንበር ተሻገረ፤ በፓጋክ፣ በአኮቦ፣ በቡርቤይ ገባ። ኩሌ፣ ቴርኪዲ፣ በኋላም ጀዊና ንጉኝየል የሚባሉ የስደተኛ ከተሞች በቀሉ። እ.ኤ.አ. በ2007፣ ማለትም በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ ከ300 ሺህ ትንሽ ፈንጠር ያለ ነበር፤ ዛሬ ስደተኛው ብቻውን ከ300 ሺህ ይበልጣል። ይህን ሁሉ አፍ የሚመግበው ጆንያ ከየት ይምጣ?

ከባሕር ማዶ ነዋ። ጉዞው ምን እንደሚመስል ከአንዲት መርከብ እዩት። ዩክሬን በጦርነት ላይ ሳለች፣ ወደቦቿ ለወራት ተዘግተው፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 «ብሬቭ ኮማንደር» የተባለች መርከብ 23 ሺህ ቶን ስንዴ ለኢትዮጵያ ጭና ከጥቁር ባሕር ወጣች። ሁለት ሳምንት ያህል ተጉዛ በኦገስት 30 ጅቡቲ ደረሰች። የዜና ማሠራጫዎች ሁሉ አጀቧት። ስንዴ የጫነች መርከብ ወደብ መድረሷ ዜና ከሆነ፣ መንገዱ ምን ያህል እንደተበላሸ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ከዓመት በኋላ ደግሞ ቀይ ባሕር ታመሰ። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ የየመን ሁቲዎች መርከብ ማጥቃት ያዙ። ትልልቆቹ የመርከብ ኩባንያዎች ባብ ኤል መንደብን ትተው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ፣ በኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ በኩል ዞሩ፤ ከእስያ አውሮፓ ለሚሄደው ጭነት ከ10 ቀን በላይ ጨመረ። የጅቡቲ ወደብ የት ነው ያለው? እዚያው ባብ ኤል መንደብ አፍ ላይ! መዞር የማይችለው እኛ ነን። የኢንሹራንስ ዋጋ ይጨምራል፣ የመርከብ ኪራይ ይጨምራል፤ ጭማሪው ኮንቴይነሩን ተከትሎ እስከ ሸማቹ ዘንቢል ይወርዳል።

ወደቡ ላይም ሌላ ሰዓት ይቆጥራል። ኮንቴይነር ያለ ክፍያ የሚቆይባቸው ቀናት አሉት። እነሱ ካለፉ ዲመሬጅ የሚባለው የመዘግየት ክፍያ ይጀምራል፤ በየቀኑ፣ በዶላር። አንድ ፊደል የተሳሳተበት የጭነት ሰነድ (ቢል ኦፍ ሎዲንግ)፣ የዘገየ የባንክ ደብዳቤ፣ ያልመጣ መኪና፣ ሁሉም በዚያ ሰዓት ይመዘናል። ኢትዮጵያ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ የአሰብን ወደብ አጥታ የወጪና ገቢ ንግዷን ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ ላይ ጥላለች። በ2004 ዓ.ም. ሦስት ድርጅቶችን አዋህዳ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ድርጅቱን ያቋቋመችውም ጭነቱን ከመርከብ እስከ ደረቅ ወደብ አንድ እጅ እንዲይዘው ነው። እጅ በበዛ ቁጥር ክፍተት እንደሚበዛ መንግሥትም ገብቶታል።

እሺ፤ ስንዴው ተጫነ። ጎሬ ጉም ውስጥ ናት እንበል፤ ተሳቢው ፍሬኑን ይዞ ወደ ቡሬ ይወርዳል። ረዳቱ ከኋላ ሸራውን አይቶ ተመልሷል።

«ጋሼ፣ በቀኝ በኩል ሲባጎው ላልቷል። ዝናቡ ገብቶበታል መሰለኝ።»

«ስንት ጆንያ ረጠበ?»

«ከላይ ያሉት አራቱ ናቸው።»

«አቁመን እናጥብቀው። አንተ ልጅ፣ መረከቢያው ላይ እኮ ‹ዝናብ ነው› ብትል የሚሰማህ የለም። የተጻፈው ቁጥር ነው የሚጠየቀው፤ የሚፈርመውም የኔ እጅ ነው።»

ሾፌሩ ልክ ነው። ዝናቡን ማንም አይከሰውም፤ የመጨረሻው ፈራሚ ግን በስሙ ይጠየቃል።

ጋምቤላ ከደረሰ በኋላስ? ክረምት ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2014 ሌይችዎር የተባለው ካምፕ በጎርፍ ተጥለቀለቀ፤ ስደተኞቹ በኋላ ወደ ጀዊ ተዛወሩ። ከድንበሩ ወዲያ ለቀሩት መንገዱ ጨርሶ ሲጠፋ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከጋምቤላ አውሮፕላን አስነሥቶ እህል ከሰማይ ጣለ። የሚጣለው ጆንያ ሌላ ጆንያ ይደረብለታል፤ የውስጡ ሲፈነዳ የውጭው እንዲይዘው። ፓራሹት የለውም። መሬት ላይ ያሉት ሠራተኞች ሰውና ከብቱን ከሜዳው ያርቃሉ፣ አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ያልፋል፣ ጆንያው እንደ በረዶ ይወርዳል። ድርጅቱ ራሱ እንደሚለው ይህ ከየብስ ጉዞ እስከ 7 እጥፍ ይፈጃል። በአንድ ጆንያ ዋጋ ሰባት ማድረስ ይቻል ነበር፤ መንገድ ቢኖር።

ይህ ሁሉ ሆኖ ደግሞ በሩ የተዘጋው ባልታሰበ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2023 እርዳታ ያለቦታው ሲሸጥ ተገኘ ተብሎ የአሜሪካው የእርዳታ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታ አቆሙ። ለስደተኞች የተመለሰው በኦክቶበር ነው። ኩሌ ያለችው እናት ከመጋዘን አልሰረቀች፣ ገበያ ወስዳ አልሸጠች። የወራቱን ረሃብ ግን የከፈለችው እሷ ናት።

ያ የድሮው የመርከብ መስመርስ በቅርብ ዓመታት ምን ደረሰበት? በጣታችሁ ተከተሉት። ናሲር፣ ሶባት ዳር፦ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ታጣቂዎች የጦር ሰፈሩን ያዙ፤ ወታደሮችን ሊያወጣ የሄደ የተባበሩት መንግሥታት ሄሊኮፕተርም ተተኮሰበት። ካርቱም፦ ከኤፕሪል 2023 እስከ 2025 የጦር ሜዳ ሆና ከረመች። ቡናው በሰባት ቀን የተንሸራተተበት ወንዝ ዛሬም ይፈስሳል፤ የጠፋው በየጣቢያው የሚረከበው ሰው ነው።

እንግዲህ ምን ይሁን?

«ይሄን ሁሉ ከነገርከን በኋላ ከቤታችን አንውጣ ልትለን ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አልልም። ሀገር በሯን ዘግታ አትኖርም፤ ጨውም፣ መድኃኒትም፣ ማዳበሪያም ከሩቅ ነው የሚመጣው። የምለው ሌላ ነው።

አንደኛ፣ ወቅትን መቅደም። የእርዳታ ድርጅቶች ከብዙ መከራ በኋላ የተማሩት ይህን ነው፤ እህሉን ዝናቡ ሳይገባ ከመንገዱ ማዶ ያከማቻሉ። የጋምቤላ ነጋዴም ድሮ መጋዘን የሠራው ለዚሁ ነበር። መጋዘን የሞተ ገንዘብ ይመስላል፤ ክረምት ሲገባ ግን እሱ ነው የሚያበላው። ሁለተኛ፣ በአንድ በር አለመተማመን። አሰብን ያየ፣ ጅቡቲን ያየ፣ ሶባትን ያየ ይህን መንገር አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ላይ አልዌሮ ራሱ ይናገር። ግድቡ ከተሠራበት ዓላማ ውጭ፣ ማንም ውል ሳይፈርምለት፣ አንድ ሥራ በቅሏል፦ ዓሣ። አጥማጁ ሌሊት የዘረጋውን መረብ ማለዳ ይስባል፤ ቆሮሶ አለ፣ አምባዛ አለ። በረዶ ካለ ትኩሱ በሞተር ወይም በሚኒባስ ጋምቤላ ገበያ ይገባል። በረዶ ከሌለ ይሰነጠቅና ይደርቃል፣ ወይም ጭስ ላይ ይሰቀላል፤ የደረቀው ቀስ ብሎ ይሸጣል። ጉዞው አንድ ረፋድ ነው። ሲበላሽም የተበላሸው የአንድ ቀን ነው፤ አጥማጁ በማግሥቱ መረቡን ይጥላል። ለዚህ አጥማጅ የበረዶ ቤት ያስፈለገው ለዓመታት ነው፤ ከ10 ሺህ ሄክታር ውል ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም ነው። የቅርቡን መንገድ ያላጠነከረ የሩቁን ቢያልም ጆንያው መሀል መንገድ ይቀራል። አቦቦ ሩዝ ብታበቅል የመጀመሪያ ገዢዋ ጋምቤላ፣ ቀጥሎ መቱ፣ ቀጥሎ ጅማ ቢሆን፣ ጅዳ የሚሄደው ትርፉ ብቻ ቢሆን፣ አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ይከፈትላት ነበር።

አራተኛው የውሉ ነገር ነው። የ1902ቱ ውል መቼ እንደሚያበቃ በራሱ ቃል ተናግሮ ነበር፤ የሰማው ግን የፈረመው ብቻ ነው። አልዌሮ ውሃው አለ፣ መሬቱም አለ፤ ስለዚህ ዛሬ ካልሆነ ነገ ሌላ ባለሀብት ካርታ ይዞ መምጣቱ አይቀርም። ጅዳ ይሁን ሙምባይ የሚወስደውን መንገድ በጣቱ ያሳያል፤ ስንት ኩንታል፣ ስንት ዶላር እንደሚሆን ያሰላል። ያን ቀን የአቦቦ ሰው፣ አኙዋውም ሠፋሪውም፣ አብሮ ይቀመጥና ውሉ በሚያውቀው ቋንቋ ይነበብለት። ንባቡ ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ «ወንዙ ሲሞላ፣ ወደቡ ሲዘጋ፣ መንግሥት ሲለወጥ ኪሳራው በማን ስም ተጽፏል?» መልሱ ወረቀቱ ላይ ከሌለ የሚጻፈው በእሱ ስም ነውና፣ ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት ይወቀው።